ወንድሜን የት ላሳክመው? ከመንዝ ለመጣ ጥያቄ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው መንዝ ጌራ ውስጥ፣ ከመሃል ሜዳ በእግር 3 ሰዓት ያህል በሚርቅ ገጠር ነው። የ22 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከመስቀል ወዲህ፣ አሁን አራት ወር ሊሆነው ነው፣ ሌሊት አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል፣ ‹መርዝ አድርጋችሁበታል› እያለ ከእናታችን እጅ አይበላም። ጻድቃኔ ማርያም ወስደነው ሦስት ሳምንት ተጠምቆ ተሽሎት ነበር፤ ቤት ሲመለስ ባሰበት። አንድ ቀን አጎታችን ላይ ምሣር ስላነሣ አባቴ ማታ ማታ በሰንሰለት ያስረዋል። ሰው ሁሉ አማኑኤል ውሰዱት ይለናል። ገንዘቡ የለንም፣ መንገዱም አያስተማምንም። እናቴም ከዚህ ወዲህ እህል ውኃ እምቢ ብላለች፤ ‹ምነው በሞትኩ› ማለት አብዝታለች። ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ የወንድምዎ ሕመም የሚታከም ነው። የእናትዎ ቃል ደግሞ ከእሱ ባላነሰ ያስቸኩላል። ስለ እሳቸው መጨረሻ ላይ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነቡ ከሆነ እሱን ያስቀድሙ።

በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። ሆኖም በዚህ ዕድሜ የጀመረ፣ አራት ወር የቆየ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ለብቻ ማውራትና የመመረዝ ጥርጣሬ ያለበት ሕመም ባለሙያዎች ሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) ከሚሉት ጋር ይገጥማል። ለዚህ የሚሰጡት መድኃኒቶች የቆዩ፣ ርካሽና በጤና ጣቢያ ደረጃም ሊታዘዙ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ አማኑኤል የመጀመሪያ መንገድዎ እንዲሆን አልመክርም። ሆስፒታሉ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ስሙ የገነነ ስለሆነ ሰው አእምሮ ሲታመም ወዲያው እሱን ይጠራል። ከመንዝ ለሚመጣ ቤተሰብ ግን ዋናው ችግር አዲስ አበባ መድረሱ ላይ አይደለም። በሬ ወይም በግ ሸጦ ይደረሳል፣ ሐኪም ይታያል፣ የአንድ ወር ክኒን ይያዛል። ክኒኑ ሲያልቅ ግን መመለሻ የለም። ስድስተኛው ወይም ስምንተኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ ይመለሳል፣ ቤተሰቡም «መድኃኒቱም አልሠራለት» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በገጠር ሕክምና የሚሰናከለው ከሁሉ በላይ በዚህ በሁለተኛው ወር ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ሲመርጡ ዝናውን ትተው «ለአንድ ዓመት በየወሩ ልመላለስበት እችላለሁ ወይ?» ብለው ይምረጡ።

በእናንተ አካባቢ መንገዱ ከጤና ኬላ ይጀምራል፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ መሃል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ወዳለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በመጨረሻ ወደ አማኑኤል ይሄዳል። ይህን የሚያነብ ከመርሐ ቤቴ የሆነ ሰው በዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል፣ ከቀወትና ከኤፍራታ የሆነ በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ፣ ከምንጃር የሆነ በአረርቲ ሆስፒታል በኩል ያስበው። ቅደም ተከተሉ ያው ነው። አገሪቱ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ተከትላ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ሳይኮሲስን፣ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና የመጠጥ ሱስን እንዲያክሙ ታሠለጥናለች፤ የጤና ጣቢያው ሰው «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚልበት ዘመን አልፏል። ችግሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ጤና ጣቢያ የሠለጠነው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። እሱ ከተዛወረ ወይም ለስብሰባ ከሄደ ክፍሉ ተዘግቶ ያገኙታል።

ስለዚህ በሽተኛ ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ይደውሉ፤ ስልክ ከሌለ አንድ ጤነኛ ሰው ቀድሞ ሄዶ ይጠይቅ። ስልኩን ከቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያገኛሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የአእምሮ ሕመም ሥልጠና የወሰደው ባለሙያ ማን ነው፣ በየትኞቹ ቀናትስ ይገኛል? ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል ወይም ሪስፔሪዶን ዛሬ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አለ? ከሌለ ሪፈር ወዴት ነው የምትጽፉት? ሁለተኛውን ጥያቄ «መድኃኒት አላችሁ?» ብለው በደፈናው ከጠየቁ መልሱ «አለ» ነው። ስሙን ጠርተው ይጠይቁ። መሃል ሜዳ ሆስፒታልም ሲደውሉ የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ተረኛ የሚሆንበትን ቀን ይጠይቁ። የገበያ ቀን አይሂዱ፤ ተመላላሽ ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ጩኸትና ግርግሩም ለተጠራጣሪ ሰው ከባድ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ ካርድ ማውጣት ይበጃል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተሩን አሁኑኑ ገልጠው ይዩ፤ ወንድምዎ ስሙና ፎቶው አለበት? በቤተሰብ መዋጮ የሚካተቱት ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። 18 የሞላው ልጅ አብሮ ቢኖርም ተጨማሪ ተከፍሎለት ካልተመዘገበ አይታከምበትም። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው። መዋጮው የሚሰበሰብበት ጊዜ በየወረዳው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ገበሬው እህሉን ካስገባ በኋላ ስለሆነ፣ የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ይጠይቁ። መክፈል የማይችል ቤተሰብ ወጪው ተሸፍኖለት የሚመዘገብበት አሠራር አለ፤ ዝርዝሩ የሚወጣው ከቀበሌ ስለሆነ ሕመሙን ተናግረው ያመልክቱ። መድኑ የሚሠራው ደረጃውን ጠብቆ በሪፈር ሲሄዱ ነው። ያለ ሪፈር በቀጥታ ደብረ ብርሃን ቢገቡ ወጪው ከኪስ ሊሆን ይችላል። የሪፈሩን ወረቀት ከማስረከብዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡት። የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ ካልተገኘ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም ይደረግበት፤ ከግል መድኃኒት ቤት ሲገዙም ደረሰኝ ይያዙ። ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ የወረዳው የጤና መድን ክፍል ይነግርዎታል። ያለ ማኅተምና ያለ ደረሰኝ ግን ማንም አይሰማዎትም።

ከሄዳችሁ በኋላ ባለሙያው ያለው ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ጽፈው ይሂዱ። መቼ ጀመረ፣ ምን ቀድሞ ታየ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ምን ይላል (የራሱን ቃል እንዳለ ይጻፉት)፣ ማንን ይጠረጥራል፣ ጫትና አረቄ ይወስዳል ወይ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል ወይ፣ ወድቆ ተንቀጥቅጦ ያውቃል ወይ፣ በዘር የታመመ አለ ወይ። ቀኑን ካላስታወሱ በበዓል ያስሉት፤ «ከመስቀል ሁለት ሳምንት በኋላ» ጥሩ መልስ ነው። ከደብተራ ወይም ከባህል ሐኪም የወሰደው የሚጠጣ ወይም የሚታጠን ነገር ካለም ይናገሩ። የሚቆጣ ባለሙያ ቢገጥምዎ እንኳ አይደብቁ፤ አንዳንዱ ሥር ራሱ መቃዠት ያመጣል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስገባት አለብኝ። አእምሮው የተዛባው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ አንዴ ነቃ አንዴ ፈዘዝ የሚል ከሆነ፣ ወይም ለቀን ሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወይም ወደ መተማ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ የጀመረው ከሆነ፣ ቀጠሮ የሚያስጠብቅ የአእምሮ ሕመም አድርገው አይዩት። ወባ፣ ተስቦ፣ ግርሻ፣ የማጅራት ገትር ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በወረዳው አምቡላንስ መሄድ አለበት። አራስ ሴት ከወለደች በኋላ ብትቀባጥር ወይም እንቅልፍ ብታጣም እንዲሁ ነው። አረቄ ለዓመታት ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት አቁሞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢንቀጠቀጥና የሌለ ነገር ቢያይም እንዲሁ፤ ይህ «ሱሱ ለቀቀው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ይገድላል። የወንድምዎ ሕመም ቀስ ብሎ የመጣ ስለሆነ ከእነዚህ አይመስልም። ቢሆንም ባለሙያው ሙቀቱን፣ የደም ግፊቱን፣ ስኳሩን እንዲለካና የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግለት ይጠይቁ።

እሺ ብሎ እንዲሄድ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለ መርዙ አይከራከሩት። «መርዝ የለም፣ አብደሃል» ሲሉት እርስዎንም ከመራዦቹ ይቆጥርዎታል፤ «አዎ አለ» ማለትም ሐሰት ነው። «እንዲህ እየተሰማህ መኖር ከባድ ነው፤ እንቅልፍህ ከጠፋ ቆየ፣ እሱን እናሳይልህ» ይበሉት። እንቅልፍ ማጣቱን ራሱም ያውቀዋል፣ ይቸግረዋልም። «ሰርግ እንሂድ» ብሎ አታልሎ መውሰድ ለአንድ ቀን ይሠራል፤ ለቀጣዮቹ ሃያ ቀጠሮዎች ግን ያከስራል። የሚያምነው አንድ ሰው፣ ጓደኛውም ይሁን የንስሐ አባታችሁ፣ ይናገረው። አሁን ቤት ውስጥም እንዲበላ፣ ራሱ የሚልጠው የተቀቀለ እንቁላል ወይም ድንች፣ ሁላችሁም ከአንድ ሰፌድ የምትዘግኑት ቆሎ፣ ራሱ ከምንጭ የቀዳውን ውኃ ይስጡት። እነዚህን ስንቅ አድርገው ለመንገድም ይያዙ። በመኪና ከሹፌሩ ርቆ በሁለት ዘመድ መካከል ይቀመጥ። ብዙ ሰው አይከተለው፤ አጀብ ሲያይ ሊያስሩት የመጡ ይመስለዋል።

ምሣሩን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን ከሚያድርበት ቤት ዛሬ ያውጡ። ጠመንጃ ካለ ጥይቱም ጠመንጃውም ሌላ ዘመድ ቤት ይደር። አባትዎን ይህን ማሳመን ሊከብድ ይችላል፤ መሣሪያ በሸዋ የቤት ክብር ነውና። «እስኪሻለው ድረስ» ብለው ይጠይቋቸው። ሲቆጣ በር ላይ አይቁሙ፤ መውጫ ያለው ሰው ያነሰ ይመታል። አንድ ሰው ብቻ፣ በዝግታ፣ ክንድ ሙሉ ርቆ ያናግረው።

ስለ ሰንሰለቱ አባትዎን ለመውቀስ አልጽፍም። ልጁንም አጎቱንም ለማትረፍ የጨነቀው ሰው ያደረገው ነው። ግን ብረት ያቆስላል፣ ቁስሉ ቲታነስ ይጋብዛል፣ ደም ሥርና ነርቭ ይጫናል፣ ቤት ቢቃጠል የታሰረ ሰው አያመልጥም። ጥርጣሬውንም እውነት ያደርግበታል፤ «ሊያጠፉኝ ነው» የሚል ሰው ማታ ማታ በቤተሰቡ ሲታሰር ምን ያስብ? መውጫው መድኃኒቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ስታገኙ «ማታ እናስረዋለን፣ ለማቆም እንፈልጋለን» ብለው በግልጽ ይንገሩ። ያኔ የማታው መድኃኒት እንቅልፍ እንዲያመጣ ተደርጎ ይታዘዛል። እንቅልፉ ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ወይም ሁለት፣ አባትዎ እዚያው ቤት አብረውት እያደሩ ሰንሰለቱ ይውጣ። ቀኑን ከአሁኑ ቆርጠው ይወስኑ፤ «ሲድን እንፈታዋለን» ከተባለ ግን እየዋለ እያደረ ይረሳል። የቁርጭምጭሚቱን ቆዳ በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይጠቡት፤ ቁስል ካለ ለባለሙያው ያሳዩ።

አሁን ስለ መድኃኒቱ። መጠኑን የምጽፈው በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ እንዲያውቁት ብቻ ነው፤ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ያዘዘው ሰው ነው። ሃሎፔሪዶል ብዙ ጊዜ በቀን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይጀመራል። ክሎርፕሮማዚን በቀን 75 ሚሊ ግራም አካባቢ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ሪስፔሪዶን 2 ሚሊ ግራም አካባቢ ይጀመራል። እንቅልፍና ቁጣ በቀናት ውስጥ ይሻሻላሉ። ድምፅ መስማትና ጥርጣሬ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ። በአሥረኛው ቀን «ያው ነው» ብላችሁ አትጣሉት። በሙሉ መጠን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተወስዶ ካልረዳ ነው መድኃኒቱ መቀየር ያለበት።

ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ ሃሎፔሪዶል ሲሰጥ፣ አንገት ወደ አንድ ጎን ሊጠመዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላስ ሊወጣ ወይም መንጋጋ ሊቆለፍ ይችላል። በገጠር ሕክምና ከሚያስቋርጡት አንዱ ይህ ነው። የሚያየው ሁሉ «ያደረበት ነገር ጮኸ፣ መድኃኒቱን ጠላው» ይላል፤ ሌሊቱን ወደ ጠበል ይሮጣል። መንፈስ አይደለም፣ የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ነው። ጤና ጣቢያ ወስደው ለዚህ የሚሆነውን መርፌ ሲወጋ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። አስቀድመው «ይህ ቢመጣ የሚዋጥ መድኃኒት ይታዘዝልን» ብለው ይጠይቁ፤ ባለሙያዎቹ ትራይሄክሲፌኒዲል ወይም አርቴን ይሉታል። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ሌት ተቀን ቢመላለስ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥና ለሃጩ ቢዝረበረብም ሪፖርት ያድርጉ፤ መጠን ይስተካከላል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነትና መቃዠት አንድ ላይ ከመጡ ግን መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሣ ያዞረዋል፤ የመንዝ ፀሐይም ቆዳውን ያቃጥለዋልና ባርኔጣና ጋቢ አይለየው።

በክኒን አሻፈረኝ ካለ፣ ወይም መንገዱ በየጊዜው የሚዘጋ ከሆነ፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋ ፍሉፌናዚን ዴካኖኤት የሚባል መርፌ አለ። መጀመሪያ በትንሽ መጠን ይሞከራል። ጥቅሙ አንዴ ከተወጋ «ዋጠ አልዋጠም» የሚል ጭቅጭቅ ከቤት መጥፋቱ ነው። ጉዳቱ ከሰውነት ቶሎ አለመውጣቱ ነው፤ ጎንዮሽ ጉዳት ከመጣ ሳምንታት ይቆያል። መርፌው የሚጀመረው በሆስፒታል ቢሆንም፣ ደብዳቤውና ብልቃጡ ከተላከ የቅርብ ጤና ጣቢያ ነርስ ልትወጋው ትችላለች። ይህን ማመቻቸት የእርስዎ ሥራ መሆኑን ይወቁ፤ ካልጠየቁ ማንም አያመቻችልዎትም።

ወደ ሁለተኛው ወር እንመለስ። ከሆስፒታሉ ከመውጣትዎ በፊት የመልስ ሪፈር ይጠይቁ፤ ማለትም «ይህ ሕመምተኛ ይህን መድኃኒት በዚህ መጠን ይወስዳል፣ ክትትሉ በእናንተ ይቀጥል» የሚል ለጤና ጣቢያው የተጻፈ ወረቀት። ከተረጋጋ በኋላ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጣችሁ መንገዱንና ርቀቱን ጠቅሰው ይለምኑ። ከኅዳር 2014 ጦርነት ወዲህ ደግሞ ይህ አገር መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አይቷል። ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት ትርፍ ክኒን ቤት ይኑር፤ ትርፉ ሲነካ ያ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ከቀጠሮው አምስት ቀን ቀድመው ደውለው መድኃኒቱ መኖሩን ያረጋግጡ። የባለሙያውን ስልክ ተቀብለው ይያዙ፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ አንዳንድ ማስተካከያ በስልክ ይሠራል። ተሽሎት በደኅና ሲውል በየቀጠሮው እሱን ማመላለስ ካልተቻለ፣ አንድ ቤተሰብ ካርዱን ይዞ መድኃኒት መውሰድ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።

ክኒኑን እርስዎ ይያዙት፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ፣ ከምድጃ ጭስና ከእርጥበት ርቆ፣ ሕፃን በማይደርስበት። በቀን አንድ ጊዜ ማታ እንዲወሰድ ሆኖ ከታዘዘ ለመርሳትም ለጾምም ይቀላል። ከተሻለው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት መቀጠል አለበት፤ ማቆምም በባለሙያ ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው። ሚያዝያ ላይ ድኖ ለክረምት እርሻ ሲወጣ «አሁንማ ደህና ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ደህና የሆነው እየወሰደ ስለሆነ ነው።

ጠበሉን ተዉ አልላችሁም። ጻድቃኔ ሄዶ ተሽሎት ከነበረ ያ ማረፊያ ለእሱ ዋጋ ነበረው። ስሕተቱ ጠበልና መድኃኒት አንዱ ሌላውን እንዲያስቀር ማድረግ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በይፋ መክረዋል፤ ለአእምሮ ሕመምም የተለየ ምክንያት የለም። እንደገና ከሄዳችሁ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለአጥማቂው አባት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የንስሐ አባታችሁም የታመመ ሰው መድኃኒቱን ለመዋጥ ውኃና ጥቂት እህል ቢቀምስ ጾም እንዳልሻረ ይንገሩት፤ ከእርስዎ አፍ ሳይሆን ከእሳቸው አፍ ሲሰማው ያምናል። የማታው መድኃኒት ገና እያደነዘዘው በብርዱ ውኃ ውስጥ ብቻውን አይግባ፤ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ከጎረቤት የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ይህን ያድርሱለት፦ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ጠበል ገባሁ ብሎ ድንገት ቢያቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ሊገድለው ይችላል።

ደብረ ብርሃን መሄድ የሚገባችሁ ሁለት መድኃኒት በተገቢው መጠንና ጊዜ ተሞክሮ ካልረዳ፣ ምግብና ውኃ ጨርሶ ከተወ፣ ዝም ብሎ እንደ ሐውልት ከደረቀ፣ ወይም ራሱን ወይም ሌላውን የመጉዳት አደጋው በቤት የማይያዝ ከሆነ ነው። ከመሃል ሜዳ በሞላሌ በኩል ጣርማ በር ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ቀን ስለሚበላ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ አስበው ይውጡ። አማኑኤል የሚያስፈልገው ደብረ ብርሃን «ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ ሲጽፍ ነው። ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው ላምበረት ያወርዳችኋል፣ ሆስፒታሉ ያለው መርካቶ አቅራቢያ ነው። ሁለት አስታማሚ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲሰለፍ ሌላው አጠገቡ ይሁን። አልጋ ላይገኝ ስለሚችል ለጥቂት ቀን የሚያሳርፍ ዘመድ አስቀድመው ያናግሩ፤ ሲመለሱም የመልስ ሪፈሩን አይርሱ።

እናትዎ። «ምነው በሞትኩ» የሐዘን አነጋገር ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ እህል ከተዉ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ ሥራ ከጠላቸው ግን ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ይታከማል። ለብቻቸው ሲሆኑ በግልጽ ይጠይቋቸው፦ «እማዬ፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ? እንዴት አድርጌ ብለሽስ አስበሻል?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባቸውም፤ ተሸክመውት ከሆነ ያሳርፋቸዋል። መንገዱን አስበው ከሆነ ለብቻቸው አይደሩ፤ በማግስቱ ከወንድምዎ ቀጠሮ በፊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። የታሰበበት መርዝ በእጃቸው ካለ ወይም «ዛሬ ማታ» ካሉ ማግስቱን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት አምቡላንስ ይጥሩ።

መልሳቸው ምንም ይሁን፣ ዛሬ ማታ ሳይመሽ ጎተራው አጠገብ ያለውን የነቀዝ ክኒንና የሰብል ፀረ ተባይ ከግቢው ያውጡት። ከገበሬ ቤት ሰው የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ በጭንቅ ሰዓት እጅ የገባው መርዝ ነው። የነቀዝ ክኒኑ ደግሞ ማርከሻ የለውም። በቀበሌ ወይም በአንድ ዘመድ ቤት፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ። የወንድምዎ ክኒንም ከእሳቸው እጅ ርቆ በእርስዎ ይያዝ። ለድብርት ሁለት መድኃኒቶች በብዛት ይገኛሉ፦ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን። ፍሉኦክሰቲን በብዛት 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ሲሆን ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ቢያመጣም ብዙ ክኒን በአንድ ጊዜ ከተዋጠ ልብ ያቆማል። የመሞት ሐሳብ ላለበት ሰው የአንድ ሳምንቱ ብቻ እንዲሰጥ፣ ወይም ፍሉኦክሰቲን እንዲታዘዝ ይጠይቁ። እስከዚያው ጎረቤቶችና የማኅበር እኅቶቻቸው ተራ ገብተው አብረዋቸው ቡና ያፍሉ፤ ሌሊቱን ደግሞ ልጁን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይተካቸውና ይተኙ።